ዛሬ ስንት ነህ?

ቆራጩ አራት ዓመት ሙሉ ሻይ ያለ ስኳር ጠጣ። ሻይ ያለ ስኳር የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ እሱ ግን ከነዚያ ወገን አልነበረም። ድሮ በአንድ ብርጭቆ አራት ማንኪያ የሚጨምር፣ ሻይ አፍይዋ «ሻይ ነው ወይስ ሽሮፕ?» እያለች የምትተርበው ሰው ነበር። አሁን ጠዋት በአራት ሰዓት ትሪዋን ይዛ ስትመጣ የሱን ብርጭቆ ከሌሎቹ ለይታ ጠርዙ ላይ ታስቀምጠዋለች። «ይቺ የስኳር በሽተኛው ናት፣ ማንም እንዳይነካት» ትላለች፤ ለሱ አስባ ነው። እሱም ፊቱን ሳያኮሳትር ይጨልጣታል። የስኳር በሽታ ግን የለበትም። ኖሮበትም አያውቅም።

የሚሠራው ስፌት ቤት ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት የስፌት መኪና፣ ሁለት ካውያ፣ አንድ የቁልፍ መትከያ ጠረጴዛ፣ ከሁሉ ፊት ደግሞ ስምንት ሜትር የሚሆን የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሐኪም ጋዋን፣ የጥበቃ ልብስ ይሰፋበታል። ቆራጩ ጨርቁን ስድሳ ሰባ ጊዜ ደራርቦ ያነጥፋል፣ ከካርቶን የተሠራውን ልክ ላዩ ላይ አስቀምጦ በጠመኔ ይነድፋል፣ ከዚያ በግራ እጁ የብረት ጓንት አጥልቆ የኤሌክትሪክ ቢላዋውን ያስነሳል። ሰፊ ሲሳሳት ተርትሮ ይደግመዋል። ቆራጭ ሲሳሳት ሰባ ልብስ ነው የሚበላሸው። ስለዚህ ከባለቤቱ ቀጥሎ በቤቱ ውስጥ የሚከበረው እሱ ነበር፤ ያቺ የብረት ጓንት ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተሰቅላ ስትታይ ማንም ለጨዋታ እንኳ አያነሳትም።

የዛሬ አራት ዓመት ታመመ። መጀመሪያ እንቅልፉ ጠፋ፣ ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቱ፣ ቀጥሎ ወሬው። አንድ ሰኞ ጠዋት ጫማውን ሊያደርግ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ እዚያው ነበር። ምን ሆነህ ቢሉት እዚህ ጋ አመመኝ የሚለው ቦታ የለም፣ የሞተበት ሰው የለም፣ የተጣላው ሰው የለም። ዝም ብሎ ሁሉ ነገር ከበደው። ሁለት ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሐኪሙ ድብርት ነው አለ፤ የሁለት ቀን መከፋት ሳይሆን በሽታ የሆነው፣ መድኃኒት የሚፈልገው፣ ተሻለ ሲሉት ተመልሶ የሚመጣው። ሚስቱ ያንን ቃል ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ትታው ወጣች።

ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ባሏን ታውቃለች፣ ስፌት ቤቱንም ታውቃለች። ከዓመታት በፊት እዚያ ብቻውን የሚያወራ አንድ ሰፊ ነበር። ማንንም ነክቶ አያውቅም፣ ስፌቱም ቀጥ ያለ ነበር። አንድ ቀን መቀስ በእጁ ይዞ ብቻውን ሳቀ ተብሎ ተሰናበተ። እስከ ዛሬ «ያ እብድ» ይሉታል፤ ስሙ ጠፍቶ ያ ብቻ ቀርቷል። ይህን ታሪክ ለሚስቱ የነገራት ራሱ ቆራጩ ነው፣ ያውም እየሳቀ።

«ኩላሊት እንበላቸው» አላት ከግድግዳው ሳይዞር።

«ኩላሊት ካልን ሊሰናበቱህ ይመጣሉ።»

«ጨጓራስ?»

«ጨጓራ ሁለት ወር አያስተኛም። ስኳር ነው የምንለው። ስኳር ጨዋ በሽታ ነው፤ ዳኛውም አለበት፣ ሐኪሙም አለበት።»

ለስኳሩ ደግሞ ዕቃው ሁሉ ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። እናቷ በስኳር ታመው እሷው ዘንድ ነው ያረፉት። የሚበላውን፣ የማይበላውን፣ ላቡን፣ ማዞሩን ጠንቅቃ ታውቃለች። እናቷ በየቀኑ የተለኩትን ቁጥር የሚጽፉበት ደብተርም መሳቢያ ውስጥ ነበር። ባዶውን የመድኃኒት ዕቃቸውን፣ ነጩን ፕላስቲክ፣ ላዩ ላይ የስኳር መድኃኒት ተብሎ በትልቁ የተጻፈበትን አጥባ አደረቀችና የባሏን የድብርት ክኒን ገለበጠችበት። ከምሳ በኋላ የሚወስዳት አንድ ፍሬ ስላለች ዕቃው ሥራ ቦታ፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ክኒኑ ሠራለት። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ይጥለው ነበር፣ ኋላ ሰውነቱ ለመደው፤ ሐኪሙም ሥራህን ቀጥል አለው። ቀጠለ። በአራት ዓመት አንድ ጨርቅ አላበላሸም።

እዚህ ላይ ያላሰቡት ነገር እትዬ ካውያ ነበረች።

እትዬ ካውያ የምትባለው ሁለቱን ካውያ የምትመራው ሴት ናት። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፣ ባሏ ሞቷል፣ ብቻዋን ትኖራለች፣ ድምፅዋ ከሃያ ሁለቱ መኪና በላይ ይሰማል። እውነተኛዋ የስኳር በሽተኛ እሷ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ። ቆራጩ ከስቶ፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቶ ወደ ሥራ ሲመለስ ከሁሉ ቀድማ የተቀበለችው እሷ ናት። «እንኳን ወደ ማኅበራችን በደህና መጣህ» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሳዳሪው ሆነች። ጫማህ እንዳይጠብህ፣ ጥፍርህን ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፣ ባዶ እግርህን ሽንት ቤት እንኳ እንዳትሄድ። በየጠዋቱ የካውያውን እንፋሎት በእጇ እየገፋች፣

«ዛሬ ስንት ነህ?» ትለዋለች።

«መቶ አርባ።»

«ጎሽ። እኔ ሁለት መቶ አሥር። ትናንት ሆዴ አሸነፈኝ።»

ቁጥሩን ከአማቱ ደብተር ነበር የሚያመጣው። ሚስቱ በየእሑዱ የአንድ ሳምንቱን ትመርጥለታለች፤ በጣም ጥሩም በጣም መጥፎም እንዳይሆን። የሚያሳፍረው ነገር፣ ጥያቄው ደስ ይለው ነበር። ሰው ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ የሚጠየቀው ስለ ሌላ ሰው ሕመም ቢሆንም እንኳ።

ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ ደግሞ እግሯን ያይላት ነበር። ስኳሩ የእግሯን ስሜት ወስዶታል፤ እሳት ቢነካው፣ ሚስማር ቢወጋው አይነግራትም። ሐኪሙ በየጊዜው እዪው ብሏታል፤ ጉልበቷ ግን አይታጠፍላትም፣ ቤቷ ደግሞ ሌላ ዓይን የለም። ስለዚህ ከካውያዎቹ ጀርባ ወንበር ላይ ትቀመጥና ካልሲዋን ታወልቃለች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ተረከዟን፣ የጣቶቿን መሐል አንድ በአንድ ያያል። የቆራጭ ዓይን ነው፤ ከስድሳ ድርብ መሐል አንዷን የተሸበሸበች ጨርቅ የሚያይ ዓይን። «ንጹሕ ነው እትዬ» ሲላት ካልሲዋን እያጠለቀች፣ «እግሬን ቢቆርጡት አንተ ትቆርጠዋለህ፣ ልኩን ታውቃለህ» ትለዋለች። ይስቃሉ። እሷ የምትስቀው ፈርታ ነበር፤ እሱም ያውቃል።

የዩኒፎርም ሰሞን ደረሰ። ስፌት ቤቱ በዚያ ወቅት ቀና የሚባልበት ጊዜ የለም። አንድ ረቡዕ እትዬ ካውያ መድኃኒቷ እንዳለቀባት ያወቀችው ሥራ ከገባች በኋላ ነው። ወጥታ ለመግዛት ጊዜ አልነበራትም፤ ጨርቁ ተራራ ሆኖ ይጠብቃታል። የስኳር በሽተኞች ክኒን እንደ ክር ይበዳደራሉ። አንተ ካለህ ስጠኝ፣ ነገ እመልስልሃለሁ፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ስታደርገው የኖረችው ነው። ቆራጩ ዕቃ ክፍል ገብቶ ጣቃ ሲያወርድ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ መሳቢያውን ሳበች፣ ነጩን ዕቃ አገኘች፣ የተጻፈውን አነበበች። የራሷ መጠን ሁለት ፍሬ ስለሆነ ሁለት ዋጠች። የሱ ክኒን ከሷ ክኒን በመልክ ትንሽ ይለያል፤ የሌላ ፋብሪካ ይሆናል ብላ አለፈችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። እትዬ ካውያ ካውያውን አንድ ሸሚዝ ላይ አስቀምጣ ቆማ ታንቀላፋለች። ከሥሯ የምትሠራው ሴት ካውያውን አነሳች፤ እትዬ ካውያ ግን ወደ ጎን ተንሸራታ የተጣጠፈው ጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጠች። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ።

«ስኳሯ ወርዶ ነው» አለች ሻይ አፍይዋ። ሌላም ብዙ ሰው እንደዚያው አለ። ሁሉም ያውቃል፤ የስኳር በሽተኛ ሲደክመው ስኳር ይሰጠዋል። ሻይ አፍይዋ ሮጣ ሄዳ ብርጭቆ ውስጥ ስኳር በጥብጣ መጣች።

ቆራጩ ሲደርስ ሁለት ሰዎች የእትዬ ካውያን ራስ ቀና አድርገው ይዘዋል። ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ መድኃኒት ወስደሻል?» አላት።

ዓይኗን በግድ ገለጠች። ምላሷ ከብዷታል። «ያንተን» አለች። «ሁለት። ነገ እመልሳለሁ።»

የስኳር መድኃኒቷን አልወሰደችም ማለት ነው። ስኳሯ አልወረደም፤ ከጠዋት ጀምሮ እየወጣ ነው። የጣላት የሱ ክኒን ነው፣ ያ መጀመሪያ ሰሞን እሱንም ቀን በቀን ያስተኛው የነበረ። ብርጭቆውን አየው፤ ግማሹ ስኳር ነው።

«አትስጧት» አለ። «ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

«እስከዚያ ትሙት?» አለች ሻይ አፍይዋ። «ባዶ ሆዷን ያንተን ክኒን ወስዳ ነው የወረደው። ዞር በል።»

የስፌት ቤቱ ባለቤት ከመስታወት ክፍላቸው ወጥተው ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመዋል። ጓንቷ ከራሳቸው በላይ ተሰቅላለች። ቆራጩ ያየው እሷን ነበር። ሌላ የሚናገረው ነገር ፈለገ፤ ክኒኑ ጊዜው ያለፈበት ነው ቢልስ፣ የደም ግፊት ነው ቢልስ። ሐኪሙ ግን ምን እንደዋጠች ይጠይቃል፤ የሚመልስለትም ያን ብርጭቆ የያዙት ሰዎች ናቸው። ብርጭቆው ከንፈሯ ላይ ደረሰ።

«የስኳር አይደለም» አለ። «ክኒኑ የስኳር አይደለም።»

ረዳቱ፣ ከሱ ጋር ስድስት ዓመት ጨርቅ ያነጠፈ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ ነጩን ዕቃ ከመሳቢያው አውጥቶ ይዞ ነበር። «የስኳር ይላል እኮ» አለ እያነበበ።

«ዕቃው የአማቴ ነው። ክኒኑ የኔ ነው። የድብርት መድኃኒት ነው፣ የአእምሮ ሐኪም ያዘዘልኝ። አራት ዓመቴ ነው። ስኳር የለብኝም። እሷ ግን አለባት፣ መድኃኒቷንም አልወሰደችም፤ ያን ካጠጣችኋት ትጎዷታላችሁ።»

ሻይ አፍይዋ ብርጭቆውን አወረደችው። የእትዬ ካውያን ራስ ከያዙት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ቆራጩ እጁን ሲዘረጋ፣ ሳያስበው ወደ ኋላ አለ።

ሐኪም ቤት እሱና ረዳቱ ወሰዷት። ነርሷ ጣቷን ወግታ ለካች፤ ሦስት መቶ ሠላሳ። ሐኪሟ ምን ወስዳ ነው አለች፤ ቆራጩ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን ነገራት። እንቅልፉ ያልፋል፣ እስኪያልፍ እዚህ ትቆይ አለች። ከዚያ፣ «ስኳር ነገር አጠጥታችኋታል?» አለች።

«አልጠጣችም» አለ ረዳቱ።

«ጥሩ። ማነው የከለከለው?»

«እሱ» አለ ረዳቱ፣ ወደ ቆራጩ ሳያይ።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ልብስ እያጠበች ነበር። እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«ሁሉም ባለበት?»

«ሁሉም ባለበት።»

«ተረፈች?»

«ተረፈች።»

«እንግዲያው ምን ላድርግህ» አለችና ማጠቧን ቀጠለች። እንባዋን በክንዷ ስትጠርግ አያት።

በማግሥቱ ባለቤቱ ወደ መስታወት ክፍላቸው ጠሩት። ወንበር ሰጡት። ሰው ወንበር ሲሰጠው ነገሩ እንዳለቀ ይገባዋል።

«ለአንተው ብዬ ነው» አሉ። «ቁልፍ ላይ ትሆናለህ፣ ደሞዝህ አይነካም። ቢላዋ ነው እኮ።»

«ጋሼ፣ አራት ዓመት በዚሁ ክኒን ቆርጫለሁ። ያበላሸሁት ነገር አለ?»

«የለም፣ እውነቱን ለመናገር።»

«ታዲያ?»

«ያኔ አላወቅኩም ነበራ» አሉ ጋሼ፣ በቅንነት።

ረዳቱ ጓንቷን አጠለቀ። ቆራጩ ከቁልፍ ተካዮቹ ሴቶች መሐል ተቀመጠ። ሴቶቹ አላንገላቱትም፤ ዝም ብለው መቀሶቻቸውን ወደየራሳቸው ሳቡ። በአራት ሰዓት ሻይ አፍይዋ መጣች። ለሱ ስኳር አድርጋለታለች፣ አራት ማንኪያ፤ አልረሳችውም። ግን ሌላው ሁሉ በብርጭቆ ሲሰጠው የሱ በፕላስቲክ ኩባያ ነበር። እሱ ቀመሰው። ያን ያህል የናፈቀውን ሻይ ግማሹን ተወው።

እትዬ ካውያ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ከካውያው ጀርባ ሄዶ «እንኳን አተረፈሽ» አላት። ካውያዋን ሳታቆም መለሰችለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሌላው የሚለው አይደለም እኔን ያስቀየመኝ። ባሌ በሕይወቱ ያላየውን እግሬን አሳየሁህ። የምፈራውን ሁሉ ነገርኩህ፣ ያውቀዋል ብዬ፣ እሱም እንደኔ ይፈራል ብዬ። ስንት ነህ ስልህ መቶ አርባ ትለኛለህ። ከየት ነበር የምታመጣው?»

«ከአማቴ ደብተር።»

ካውያው ቆመ። «ሴትዮዋ የት ናቸው?»

«ሞተዋል።»

«ሂድ ከፊቴ» አለችው።

ሄደ። ዕለቱ ዓርብ ቢሆንም ከካውያዎቹ ጀርባ ማንም ወንበር አላወጣም። በቀጣዩም አላወጣም። በሱም በኩል ድብርቱ ተመልሶ እየመጣ ነበር፤ ምልክቱን ያውቀዋል። ቁልፍ አንስቶ ለምን እንዳነሳው ይረሳል። ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ ይረዝማል። ሚስቱ ሐኪም ጋ ወሰደችው፣ መጠኑ ተጨመረ፤ ጊዜ ይፈልጋል ተባለ። በዚህ ጊዜ ግን ከሐኪሙ ክፍል ስትወጣ ክንዱን ይዛው ነበር፣ ሰው ሁሉ እያየ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ከቁልፍ ጠረጴዛው ቀና ሲል የረዳቱን ንጣፍ አየ። ለጃኬት ነው። የካርቶኑ ልክ የግራውን ደረት ብቻ የያዘ ነው፤ ስለዚህ ጨርቁ ሲነጠፍ አንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ፊቱን ወደ ታች እየሆነ መደራረብ አለበት። ያኔ ቢላዋው አንዴ ሲያልፍ ግራም ቀኝም ይወጣል። ረዳቱ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አንጥፎታል። የጨርቁ ፊትና ጀርባ ቀለሙ ይለያያል፤ ከጎን ሲያዩት ግን ጠርዙ አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ነው። ሰባው ድርብ ሁሉ የግራ ደረት ሊሆን ነው።

«ፊት ለፊት አልተነጠፈም» አለ ቆራጩ ከተቀመጠበት። «እንዳትቆርጠው።»

ረዳቱ ጓንቷን እያጠለቀ ሳቀ። «አንተ ቁልፍህን ትከል።»

«ጠርዙን እየው።»

«መድኃኒትህን ውሰድና ተረጋጋ» አለ ረዳቱ። ከመኪናዎቹ አንዳንድ ሳቅ ተሰማ። ጋሼ ከመስታወታቸው ጀርባ አዩት፤ ያዩት ጨርቁን ሳይሆን ቆራጩን ነበር፣ ብድግ ማለቱን፣ እጁን። አራት ዓመት ሲዋሽ ሁሉም አምኖት ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ። ረዳቱ ቢላዋውን አስነሳው።

እትዬ ካውያ ካውያዋን አቆመች። እያነከሰች መጣችና የንጣፉን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ገልጣ አየች፤ ሰባቱን፣ ስምንቱን ድርብ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዳ የቢላዋውን ገመድ ነቀለችው።

«የሰውየውን ራስ እኔ አላውቀውም» አለች፣ በዚያ ሃያ ሁለት መኪና በሚያሸንፍ ድምፅዋ። «ጨርቁ ግን እሱ እንዳለው ነው። ኑና እዩት።»

ጋሼ መጥተው አዩ። ረዳቱም አየ፣ ጆሮው ድረስ ቀላ። ንጣፉ ተነሳ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና፣ «ከአሁን ወዲያ ሳይቆረጥ በፊት እሱ ይየው» አሉ፤ ጓንቷን ግን ከረዳቱ እጅ አልተቀበሉም። ቆራጩ ይህንን ጠብቆ ነበር። ቢሆንም ተከፋ።

ከምሳ በኋላ ከካውያዎቹ ጀርባ ወንበር ወጣ። «ና» አለችው፣ ካልሲዋን ከወዲሁ እየጎተተች። «ይቅር ብዬህ አይደለም። የሚያይልኝ ስላጣሁ ነው።»

ጎንበስ አለ። ካልሲው ከውስጥ እግሯ ጋር ተጣብቋል። ቀስ ብሎ አላቀቀው። ከአውራ ጣቷ በታች፣ ሥጋው ወፍራም በሆነበት ቦታ፣ የስፒል ራስ ይታያል፤ ጨርቅ ለማያያዝ የሚጠቀሙባት፣ ወለሉ ላይ በየቀኑ የምትወድቀው ትንሿ ስፒል። ዙሪያው ጠቁሯል። የዛሬ አይደለም፤ የሁለት ሳምንት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ዓርብ ቢያያት ኖሮ በጥፍሩ ነቅሎ የሚጥላት ነገር ነበረች።

«ንጹሕ ነው?» አለች፣ ከላይ ሆና።

«አይደለም።»

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው እትዬ። ስፒል ገብቶብሻል፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ዛሬውኑ፣ አሁን መሄድ አለብን።»

ካልሲዋን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። እሱ ከጋዋኑ ቁራጭ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አምጥቶ እግሯን ይጠቀልል ጀመር፣ ስፒሏን እንዳይነካ ተጠንቅቆ። ሦስት ዙር ሲጠቀልል ጠበቀችው።

«አንተስ?» አለችው። «ዛሬ ስንት ነህ?»

መቶ አርባ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ፤ የልማድ ነገር ነው። መልሶ ዋጠው።

«የኔ ቁጥር የለውም እትዬ።»

«እንግዲያው ያለ ቁጥር ንገረኝ።»

ጨርቁን ቋጠረ። ሲቋጥር አላያትም። «ዛሬ ጠዋት ጫማዬን እስካደርግ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ» አለ። «አንዱን አድርጌ ሌላውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሚስቴ መጥታ አሰረችልኝ።»

እትዬ ካውያ ጎንበስ ማለት አትችልም፤ ከወንበሯ ሆና ወደ ጫማዎቹ አየች። በደንብ ታስረዋል።

«አድርገሃል ግን» አለች።

«አድርጌያለሁ።»

«በል አንሳኝ» አለችው፣ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ። በሃያ ሁለቱ መኪና መሐል፣ እሷ በአንድ ጫማ፣ ክንዱን ይዛ ወጡ።